ተኩላ፣ ኮዮቴና ድቅላቸው

በ2014 ዓመተ ምሕረት በመፀው ወራት (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በአሪዞና ግዛት፣ ግራንድ ካንየን ከሚባለው ታላቅ ሸለቆ በስተ ሰሜን በሚገኘው ደጋ ላይ፣ በአንገቷ የሬዲዮ ማሰሪያ ያለባት አንዲት አውሬ ታየች። በዚያ ስፍራ ተኩላ ከጠፋ ሰባ ዓመት ያህል አልፎት ስለ ነበር ማንነቷን በመልኳ ብቻ ለመቍረጥ የደፈረ አልተገኘም፤ በመጨረሻም የአራዊት ጥበቃ ሠራተኞች ዐይነ ምድሯን ለቅመው ለምርመራ ቢልኩ፣ ከሰሜናዊው የሮኪ ተራሮች ወገን የሆነች፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ተጕዛ የመጣች እውነተኛ ሴት ተኩላ መሆኗ ታወቀ። ኤኮ የሚል ስምም ወጣላት። ነገር ግን ዓመቱ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቢቨር በምትባል የዩታ ግዛት ከተማ አቅራቢያ፣ አንድ አዳኝ ኮዮቴ የተባለው፣ በአካል የሚያንሰው የተኩላ ዘመድ መስላው ተኵሶ ገደላት። በዩታ ኮዮቴ ገድሎ ያስመዘገበ ሰው ከግዛቱ መንግሥት 50 ዶላር ይቀበላል፤ በዚያ አገር ተኩላ የገደለ ግን የፌዴራሉን ሕግ ይተላለፋል። ሰውየው ወደ ሬሳዋ ቀርቦ ማሰሪያውን ባየ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ራሱ ለባለ ሥልጣኖች አመለከተ፤ ሳይከሰስም ቀረ።

ከዚህ አዳኝ የባሰ ጥፋት የሠራ ሰው መፈለግ አያዳግትም፤ ከእርሱ የተሻለ ዐይን ያለው ሰው ማግኘት ግን ከሚታሰበው በላይ ይቸግራል። ተኩላና ኮዮቴ የአንድ ቤተ ዘመድ ልጆች ናቸው። ከቤት ውሻ ጋር ሦስቱም 39 ጥንድ ክሮሞሶም ስላላቸው፣ ተገናኝተው የሚወልዱት ድቅል እንደ በቅሎ መኻን ሆኖ አይቀርም፤ ይወልዳል፣ ልጁም ይወልዳል፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላም የአያቱ መልክ በየትኛው አካሉ ላይ እንደ ተደበቀ ለማወቅ ጠበብት እንኳ ይቸገራሉ። ፊሳልጎስ የተባለውን፣ ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰውን ጥንታዊ መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ የቀደሙት ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ፍጥረት የራሱን ጠባይ ለይተው ሰጥተው፣ አንበሳው በአንበሳነቱ፣ ንስሩም በንስርነቱ ጸንቶ የሚኖር አድርገው ነበር የጻፉት፤ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጫካዎች የሚኖረው ፍጥረት ግን ለእንዲህ ያለው ሥርዐት አልገዛም ብሏል።

ወደ ምልክቶቹ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ዐይን የሚያየው የአካልን መጠን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ጐልማሳ ግራጫ ተኩላ ከ25 እስከ 55 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ከመሬት እስከ ትከሻውም ከ65 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የምዕራቡ ሜዳ ኮዮቴ ግን ከ9 እስከ 16 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፣ ቁመቱም ከ60 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በወረቀት ላይ ሲነበብ ማንም የማይስተው ልዩነት ይመስላል። ዳሩ ግን አውሬው እስኪመዘን ቆሞ አይጠብቅም፤ በብርድ ወራት ጠጕሩን ሲደርብ ኮዮቴው ከመጠኑ በላይ ገዝፎ ይታያል፤ በጸደይ የተወለደው የተኩላ ቡችላ ደግሞ ገና በመፀው ሲሮጥ የጐልማሳ ኮዮቴን አካል ይዞ ይገኛል፤ በበረዶ በተሸፈነ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ዛፍም አጥርም በአጠገቡ በሌለበት፣ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ የሚያልፈውን አውሬ ከሩቅ ያየ ሰው መለኪያ ስለሚያጣ፣ ልቡ የፈራውን ወይም የተመኘውን ያህል አግዝፎ ያየዋል።

ስለዚህ የዱር አራዊት ዐዋቂዎች ከመጠኑ ይልቅ ምጣኔውን፣ ማለት አንዱ አካል ከሌላው ጋር ያለውን መመጣጠን፣ እንድናይ ያስተምራሉ። የኮዮቴ ጆሮ ለራሱ የበዛበት እስኪመስል ድረስ ረጅምና ሹል ነው፤ የተኩላ ጆሮ ግን በሰፊው ራሱ ላይ አጠር ብሎ፣ ጫፉም ክብ ብሎ ይታያል። የኮዮቴ ፊት ወደ አፍንጫው እየጠበበ ሲሄድ፣ የተኩላው ወፍራምና ደንዳና ነው፤ የአፍንጫው ጥቍር ጫፍ እንኳ በተኩላው ላይ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ሲሰፋ በኮዮቴው ላይ ከዚያ ያንሳል። እግረ ረጅም፣ መዳፉም ከእግሩ ቅጥነት ጋር ሲተያይ ያለ ልክ ትልቅ የሚመስለው ተኩላው ነው። በቀለም መፍረድ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ሁለቱም ግራጫውን፣ ቡናማውንና ዳማውን እየቀላቀሉ ይለብሳሉና። ብዙ ሰው የፍጹም ተኩላነት ምልክት አድርጎ የሚያየው ጥቍር ጠጕር እንኳ ከጥንት የቤት ውሾች ጋር በተደረገ መደቃቀል ወደ ተኩላው ዘር የገባ መሆኑን በ2009 የወጣ የሥነ ዘር ምርምር አሳይቷል። ጥቍሩን አይቶ ‹‹ይህስ ንጹሕ ተኩላ ነው›› የሚል ሰው የሚያደንቀው የውሻን ርስት መሆኑን ልብ ይሏል።

አውሬው ራሱ ካልታየ ዱካው ይነበባል። የተኩላ የፊት እግር ዱካ ከጥፍሩ ጋር 11 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም፣ የኮዮቴው 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ትልቅ የቤት ውሻ የተኩላን ያህል ዱካ ሊተው ይችላል፤ ነገር ግን አካሄዱ ያጋልጠዋል፤ ተኩላና ኮዮቴ ለእያንዳንዱ እርምጃ ጕልበታቸውን የሚቈጥቡ በመሆናቸው፣ የኋላ እግራቸውን የፊተኛው በረገጠበት ላይ እያሳረፉ በአንድ መሥመር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ውሻ ግን እራቱ ቤቱ ይጠብቀዋልና፣ ወዲያ ወዲህ እየዞረ፣ እየተመለሰ፣ ያየውን ሁሉ እያሸተተ ይሄዳል። ዐዋቂ ሰው የሞተውን በግ አይቶ እንኳ ገዳዩን ይለያል፤ ኮዮቴ እንደ ልማዱ ጕሮሮውን ይዞ አንቆ ሲገድል፣ ያልሠለጠነ ውሻ ጭኑንም ጐኑንም ጆሮውንም እንዳገኘ ይዘነጥላል። ይህ ንባብ ለገበሬው የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የኪስም ጕዳይ ነው፤ በሚኒሶታ ግዛት ተኩላ ለገደለው ከብት መንግሥት ካሣ ሲከፍል፣ ኮዮቴ ለገደለው ግን አይከፍልምና፣ መርማሪው በሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ የጥርሱን ቦታ ሲለካ ባለ ከብቱ በጭንቀት ቆሞ ይጠብቃል።

ድምፅም ምስክር ነው። ተኩላ ሲያላዝን ድምፁ ወፍራም ሆኖ ሳይቈራረጥ ይረዝማል፤ ኮዮቴ ግን በቀጭኑ ጀምሮ ይሰብረዋል፣ ይጮኻል፣ ይንጫጫል፤ ሁለት ኮዮቴዎች ብቻቸውን ሆነው የመንጋ ያህል ስለሚያስተጋቡ፣ በሌሊት የሰማቸው እንግዳ ሰው ቤቱ የተከበበ ይመስለዋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በምዕራቡ አገር፣ በሞንታናና በዋዮሚንግ፣ ሳያፍር ይሠራል። በዚያ ተኩላ ኮዮቴን በግዛቱ ውስጥ ባገኘው ጊዜ ይገድለዋል እንጂ አይጋባውም። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ግን ምልክቱ ሁሉ ይደበዝዛል፤ ጆሮው ረጅም አይደለም፣ አጭርም አይደለም፤ ፊቱ ሹል አይደለም፣ ደንዳናም አይደለም። የዚህም ምክንያቱ በተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን በሰው ሥራ የተገኘ ነውና ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ በመጡበት ዘመን ተኩላ በአህጉሩ አብዛኛው ክፍል ይኖር ነበር፤ ኮዮቴ ግን በምዕራቡና በመካከለኛው ሜዳ፣ እንዲሁም በሜክሲኮ በረሓ ተወስኖ ነበር። ሰፋሪዎቹ ጫካውን መነጠሩ፤ አጋዘኑን ጨረሱ፤ ከዚያም የተራበው ተኩላ ወደ በጋቸውና ወደ ጥጃቸው ፊቱን ባዞረ ጊዜ፣ በራሱ ላይ ዋጋ ቈርጠው በወጥመድ፣ በጠመንጃና በመርዝ አሳደዱት። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ እንኳ፣ አራዊት ይጠበቁበታል በተባለው ስፍራ፣ የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 ተገደሉ። በ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ከካናዳና ከአላስካ በስተ ደቡብ ተኩላ የቀረው በሰሜናዊው ሚኒሶታና በአጠገቡ ባለች በአይል ሮያል ደሴት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ኮዮቴም በዚያው መርዝና በዚያው ጠመንጃ ተሳድዷል፤ ነገር ግን ሁሉን የሚበላ፣ በሁሉ ስፍራ የሚያድር፣ ባሳደዱት መጠን የሚበዛ ፍጥረት በመሆኑ፣ ጌታው የነበረው ተኩላ ሲጠፋ የተከፈተውን አገር ይዞ ወደ ምሥራቅ ገሠገሠ። ዛሬ ከሃዋይ በቀር በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይገኛል፤ በቺካጎና በኒው ዮርክ ከተሞች ውስጥ እንኳ ይኖራል።

በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ፣ ይህ መጤ በደቡባዊው ኦንታሪዮ ከምሥራቁ ተኩላ ጋር ተገናኘ። የምሥራቁ ተኩላ፣ ዛሬ አልጎንኩዊን በተባለው የካናዳ ፓርክ በይበልጥ የሚታወቀው፣ ከግራጫው ተኩላ ያነሰ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ቍጥሩ ተመናምኖ ብቸኛ የቀረው ወንድ ወይም ሴት የራሱን ወገን ፈልጎ ሲያጣ ከኮዮቴው ጋር ተጋባ። ከዚህ ጋብቻ የተገኘው ዘር ኒው ዮርክንና ኒው ኢንግላንድን ወርሶ፣ በ1980ዎቹ የኒውፋውንድላንድን ደሴት ሳይቀር ረገጠ። ጋዜጦች ኮይዎልፍ እያሉ ይጠሩታል፤ ሊቃውንቱ ግን የምሥራቅ ኮዮቴ ማለትን ይመርጣሉ። ዘሩ ሲመረመር ከመቶው ስድሳ የሚያህለው ከኮዮቴ፣ ሠላሳ የሚጠጋው ከተኩላ፣ ቀሪው ከቤት ውሻ የተገኘ ነው፤ ይህም እንደየአገሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ክብደቱ ከ13 እስከ 20 ኪሎ ግራም ሆኖ አንዳንዱ ከዚያ ያልፋል፤ መንጋጋውም ከምዕራቡ ዘመዱ ይልቅ የጠነከረ ነው። ይህን አውሬ በሜይን ጫካ ያየ ሰው ‹‹ተኩላ ነውን ወይስ ኮዮቴ?›› ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚገባው መልስ ‹‹አዎን›› የሚል ብቻ ነው።

በደቡብ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝን ነው። ከጆሮው ኋላ ካለው ዳማ ጠጕር የተነሣ ቀይ ተኩላ የተባለው፣ ከ20 እስከ 36 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ዘር፣ ቀድሞ የደቡብ ምሥራቁን አሜሪካ ጫካና ረግረግ ይዞ ይኖር ነበር። በ1970ዎቹ ግን በቴክሳስና በሉዊዚያና ድንበር ባለ ጥቂት የባሕር ዳርቻ ተወስኖ፣ ከኮዮቴ ጋር እየተደቃቀለ ሊያልቅ ሲል፣ የአሜሪካ የዱር አራዊት ባለ ሥልጣኖች ያለውን ሁሉ ይዘው እውነተኛውን ከድቅሉ ለመለየት ቈረጡ። ከ400 የሚበልጡ አውሬዎች ተያዙ። በዚያ ዘመን ዛሬ ያለው የዘር ምርመራ አልነበረምና፣ ፍርዱ የተሰጠው የራስ ቅላቸውን በመለካት፣ አካላቸውን በመመዘን፣ ድምፃቸውን ቀርጾ በማነጻጸር ነበር። ከእነዚያ ሁሉ 43ቱ ብቻ ተመርጠው ወደ መራቢያው ገቡ፤ የቡችሎቻቸውም መልክ ከታየ በኋላ ቍጥራቸው ተጣርቶ፣ በመጨረሻ 14ቱ ብቻ ዛሬ ላለው የቀይ ተኩላ ዘር ሁሉ አባትና እናት ሆኑ። በ1980 ቀይ ተኩላ ከዱር ጠፋ ተብሎ ታወጀ፤ በ1987 ደግሞ ከእነዚያ የተወለዱት በኖርዝ ካሮላይና ግዛት አሊጌተር ሪቨር በተባለው የአራዊት መጠበቂያ ተለቀቁ።

እንግዲህ በመለኪያው ያልተመረጡትስ? በ2018 የወጣ ምርምር እንዳሳየው፣ በቴክሳስ ጋልቨስተን ደሴት ላይ ኮዮቴ እየተባሉ በሚኖሩ አውሬዎች ደም ውስጥ፣ በመራቢያ ከተጠበቁት ቀይ ተኩላዎች እንኳ ዘንድ የጠፋ የቀይ ተኩላ ዘር ይገኛል። በዐይንና በመለኪያ የተደረገው ፍርድ፣ አንድን ዘር ከጥፋት ያዳነ ሲሆን፣ ከዚያው ዘር አንዱን ክፍል ‹‹ኮዮቴ ነህ›› ብሎ ከደጅ አስቀርቶ ነበር ማለት ነው። ሰዎቹን አልወቅስም፤ ባይፈርዱ ኖሮ ሁሉም በጠፋ ነበር። ሊቃውንቱ ራሳቸው እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ቀዩም የምሥራቁም ተኩላ የግራጫ ተኩላና የኮዮቴ ቅይጥ ናቸው ሲል፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ጉባኤ በ2019 ቀዩን ተኩላ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብሎ በየነ።

በኖርዝ ካሮላይና የተለቀቁት ተኩላዎች ከመቶ በላይ እስኪሆኑ ከበዙ በኋላ፣ በጥይትና በመኪና እያለቁ በ2020 ገደማ በዱር የቀሩት ከሃያ ያነሱ ሆኑ። ከጥይቱ ብዙው ‹‹ኮዮቴ መስሎኝ›› በሚል ምክንያት የተተኰሰ በመሆኑ፣ በ2014 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተኩላው በሚኖርባቸው አምስት አውራጃዎች የኮዮቴ አደንን አገደ። ጠባቂዎቹም አንድ ጥበብ አገኙ፤ ኮዮቴውን ከመግደል ይልቅ ይይዙትና፣ ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን ሳያጠፉ መውለድ ብቻ እንዳይችል አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ እርሱም እንደ ልማዱ ግዛቱን ከሌሎች ኮዮቴዎች እየጠበቀ፣ ነገር ግን ድቅል ሳይወልድ፣ ተኩላ እስኪመጣበት ድረስ ቦታውን ይዞ ይቈያል። ከሩቅ እንዲለዩም ለተኩላው ብርቱካናማ፣ ለመኻኑ ኮዮቴ ነጭ የአንገት ማሰሪያ ይደረግላቸዋል። ተፈጥሮ ያላኖረችውን ምልክት ሰው በገመድ አኖረው።

ለእኛም ነገሩ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በባሌ ተራሮች፣ በወብ ሸለቆ፣ ወንድ የቤት ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተገናኝተው፣ ፊታቸው አጠር፣ አካላቸው ከበድ ያሉ ድቅሎች መወለዳቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ የዘር ምርመራ ተረጋግጧል፤ ጐልማሶቹ በዓለም ሁሉ ከ500 በታች ለሆኑበት ለዚህ የአገራችን ብቸኛ ፍጥረት፣ ውሻ ከሚያመጣበት የእብደት በሽታ ቀጥሎ፣ መደቃቀሉ ሌላ ሥጋት ነው። ደግሞም በ2011 የወጣ ምርምር፣ በደጋችን ሲመላለስ እንደ ተራ ቀበሮ የሚታየው ሌላው አውሬ በዘሩ ከተኩላ ወገን መሆኑን ገልጿል፤ ስለዚህ በአሜሪካ ገበሬ መሳሳት ለመሳቅ የሚበቃ ሰው በእኛም ዘንድ አይገኝም።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ የእኔ ፍርድ ከአሜሪካ መንግሥት ፍርድ ይለያል። በ1995 ተኩላ ወደ የሎውስቶን እንደ ገና በተመለሰበት ወቅት በሞንታና ግዛት አንድ ሰው አንዱን ገደለና፣ ‹‹ውሻ መስሎኝ ነው›› ብሎ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተከራከረ። ሰውየው ቢፈረድበትም፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከዚያ ወዲህ ገዳዩ የአውሬውን ማንነት ዐውቆ እንደ ገደለ ማስረዳት ካልተቻለ ክስ አልመሠርትም የሚል መመሪያ አወጣ። ተኩላና ኮዮቴ እንዲህ በሚመሳሰሉበት አገር፣ አለማወቅን መከላከያ ማድረግ አለማወቅን መሸለም ነው፤ ያላወቀ ሰው የመተኰስ ግዴታ የለበትምና። በ2021 መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት በኩፐርስታውን አቅራቢያ አንድ አዳኝ ኮዮቴ መስሎት የገደለው 38 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውሬ፣ በመጀመሪያው ምርመራ ኮዮቴ ነው ከተባለ በኋላ፣ በተከታዮቹ ምርመራዎች ተኩላ ሆኖ ተገኝቷል። የምርመራ ቤት የሚሳሳትበትን ነገር በጠመንጃ መነጽር ለይቼ ዐውቃለሁ የሚል ሰው ሊታመን አይገባውም።

በሚኒሶታ፣ በቨርጂኒያ ወይም በኮሎራዶ ገጠር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በግቢያችሁ ዳር እንዲህ ያለ አውሬ ብታዩ፣ ምግብ አትጣሉለት፣ ውሻችሁን አስገቡ፣ ከተቻለም ከሩቅ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ዱካውን ካገኛችሁ በአጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሡና ለግዛታችሁ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ላኩት። የጭነት መኪና ይዛችሁ በኖርዝ ካሮላይና በ64 ቍጥር አውራ ጐዳና ወደ ባሕሩ ዳርቻ የምታልፉ ደግሞ፣ በአሊጌተር ሪቨር በኩል በሌሊት ስትደርሱ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ በመብራታችሁ ፊት የሚያበራው ብርቱካናማ ማሰሪያ በዱር ከቀሩት ጥቂት ቀይ ተኩላዎች የአንዱ ነው።